እርሾ ዕጢ ሳያወጣ የዕጢ ገቺ ጂን ዘመድ ለምን ኖረው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። የባዮቴክኖሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሆኑ አንድ ጠያቂ፣ ኤንኤፍ1 የተባለው የሰው ዕጢ ገቺ ጂን በዳቦ እርሾ ውስጥ አይራ1 እና አይራ2 የሚባሉ ዘመዶች እንዳሉት አንብበው የሚከተለውን ጽፈዋል፦ «ነጠላ ሕዋስ የሆነ ፍጥረት ዕጢ አያወጣም፤ ታዲያ ይህ ጂን ምን ይሠራለታል? ዝምድናውስ እስከ ምን ድረስ ነው? የእህቴ ልጅ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ታይቶበት በተደረገለት የዘረመል ምርመራ ኤንኤፍ1 ላይ ትርጉሙ ያልተረጋገጠ የአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ ተገኝቷል። ይህንን ለውጥ ለመመረቂያ ሥራዬ በእርሾ ፈትኜ ጎጂ መሆን አለመሆኑን ማወቅ እችላለሁ?»

ሦስቱንም እመልሳለሁ። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በቅጡ ሳይረዱ ሦስተኛውን ይዞ ቤተ ሙከራ መግባት ለልጁም ለመመረቂያ ጽሑፉም አይበጅምና፣ ነገሩን ከመሠረቱ ብጀምር ይሻላል።

ኤንኤፍ1 በ17ኛው ክሮሞዞም ረዥም ክንድ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 60 የሚጠጉ ኤክሶኖች (የፕሮቲኑን መመሪያ የያዙ የጂን ክፍሎች) ያሉት ትልቅ ጂን ነው። የሚያስገኘው ፕሮቲን ኒውሮፋይብሮሚን ሲባል፣ ከዋና ዋና መልኮቹ አንዱ 2,818 አሚኖ አሲዶች አሉት። ከሁለቱ የጂኑ ቅጂዎች አንዱ ተበላሽቶበት የተወለደ ሰው ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 የተባለው ሕመም ይኖረዋል። ሕመሙ ከ3,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ የሚታይ ሲሆን፣ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ለውጡን ከወላጅ ያልወረሱ፣ በራሳቸው እንደ አዲስ የተከሰተባቸው ናቸው። ምልክቶቹ በወተት የቀላ ቡና የሚመስሉ የቆዳ ነጠብጣቦች፣ በብብትና በብሽሽት የሚወጡ ጠቃጠቆዎች፣ ከቆዳ ሥር ወይም ከጥልቅ ነርቮች ላይ የሚያድጉ ኒውሮፋይብሮማ የተባሉ ዕጢዎችና ሌሎችም ናቸው። ዕጢው የሚጀምረው ነርቭን ከሚሸፍኑት የሽዋን ሕዋሳት አንዱ፣ ጤነኛ ሆኖ የቀረለትን ሁለተኛ ቅጂ በሕይወት ዘመን ውስጥ ሲያጣ ነው። አልፍሬድ ክኑድሰን በ1971 ሬቲኖብላስቶማ የተባለውን የሕፃናት የዐይን ካንሰር አጥንተው ያቀረቡት የ«ሁለት ምት» ሐሳብ እዚህም ይሠራል፤ ኤንኤፍ1ን ከዕጢ ገቺ ጂኖች ተርታ ያሰለፈውም ይኸው ነው።

ኒውሮፋይብሮሚን በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ከሚያከናውነው ሁሉ በሚገባ የተረጋገጠው ግን «ራስ» የተባለውን ፕሮቲን ማጥፋቱ ነው። «ራስ» በሕዋሱ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ትንሽ ፕሮቲን ሲሆን፣ ጂቲፒ የተባለውን ሞለኪውል ሲይዝ ይበራል፤ ጂቲፒው ተሰንጥቆ ወደ ጂዲፒ ሲለወጥ ደግሞ ይጠፋል። የበራው «ራስ» ሕዋሱን «እደግ፣ ተከፈል» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ያለ ረዳት የሚያካሂደው የመሰንጠቅ ሥራ እጅግ ዘገምተኛ በመሆኑ፣ አንዴ የበራው ለረዥም ጊዜ እንደበራ ይቆያል። ጋፕ በሚል የወል ስም የሚታወቁት ፕሮቲኖች ግን አንድ አርጂኒን ወደ «ራስ» እምብርት አስገብተው ሥራውን እስከ መቶ ሺህ እጥፍ ያፋጥኑታል። በኒውሮፋይብሮሚን ውስጥ ይህ አርጂኒን ቁጥሩ 1276 ነው። ይህ አንድ አሚኖ አሲድ በፕሮሊን ተተክቶ የተገኘበት የታማሚዎች ቤተሰብ ተመዝግቧል፤ ፕሮቲኑ ሌላው አካሉ እንዳለ ሆኖ የማጥፋት ኃይሉን ግን ከሞላ ጎደል አጥቷል። እንግዲህ ኒውሮፋይብሮሚን የ«ራስ» ልጓም ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

እርሾም የሚያስፈልገው ይኸው ልጓም ነው። ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ፣ ማለትም ዳቦ የሚያስነሣውና በጠጃችንም ውስጥ ዋናውን የመፍላት ሥራ የሚሠራው ዝርያ፣ ራስ1 እና ራስ2 የተባሉ ሁለት የ«ራስ» ጂኖች አሉት። እነዚህ ሲበሩ አዴኒሌት ሳይክሌዝ የተባለውን ኤንዛይም ያነቃሉ፤ እሱም ሳይክሊክ ኤኤምፒ ያመርታል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒው ደግሞ ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ የተባለውን ሌላ ኤንዛይም ይቀሰቅሳል። የዚህ ሁሉ ትርጉም ለእርሾው «ስኳር አለ፣ ተባዛ» የሚል ነው። ስኳሩ ሲያልቅ መስመሩ መዳከም አለበት፤ ያኔ ሕዋሱ መከፈሉን ያቆማል፣ ግላይኮጅንና ትሬሃሎዝ የተባሉ የስንቅ ስኳሮችን ያከማቻል፣ ሙቀትንና ረሃብን የሚቋቋምበትን አቋም ይይዛል፤ ሁለት ስብስብ ክሮሞዞም ያለው ከሆነም ስፖር ወደ መሥራት ሊሄድ ይችላል። አይራ1 እና አይራ2 የሚያስገኟቸው ፕሮቲኖች ሥራቸው «ራስ»ን አጥፍቶ ይህንን ሽግግር ማስቻል ነው።

ጂኖቹ የጠፉበት እርሾ አይሞትም። ምግብ በሞላበት ሣህን ላይ እንዲያውም ደኅና ያድጋል፤ ጉድለቱ የሚጋለጠው ሲፈተን ነው። ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃዎች ቢቆይ፣ ጤነኛው ዘር በብዛት ሲተርፍ ይህኛው ያልቃል። በአዮዲን እንፋሎት ቢታጠን፣ ግላይኮጅን ያከማቸው የጤነኛው መንጋ ሲጠቁር፣ የዚህኛው እንደ ገረጣ ይቀራል። ናይትሮጅን ሲነፈገውም ማቆም ሲገባው አያቆምም፤ ስለዚህም ቶሎ ይሞታል። እነዚህ ፈተናዎች ርካሽ፣ ፈጣንና በዐይን የሚታዩ በመሆናቸው ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ስንደርስ እንመለስባቸዋለን።

እዚህ ላይ ስለ መጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ የዚህ ጉዳይ ማራኪ ክፍል ይህ ነውና። በ2015 እና በ2016 በታተሙ ሥራዎች፣ ተመራማሪዎች ግማሽ ሚሊዮን ያህል የእርሾ የዘር ሐረጎችን እያንዳንዳቸውን በአጭር የዲኤንኤ መለያ ምልክት አድርገው፣ ግሉኮስ ውስን በሆነበት ብልቃጥ በየጊዜው ወደ አዲስ ምግብ እያዛወሩ አሳድገዋቸው ነበር። ከ200 በማይበልጡ ትውልዶች ውስጥ ከሌሎቹ ልቀው የወጡት ሐረጎች ዘረመላቸው ሲነበብ፣ በዚህ የምግብ ምልክት መስመር ላይ ለውጥ ያረፈባቸው በርካታ ሆነው ተገኙ፤ ከእነሱም መካከል አይራ1 እና አይራ2 ጎልተው ይታያሉ። ማለትም ምግብ ሳይቋረጥ በሚመጣበት ቦታ ልጓሙን የጣለ ሕዋስ ጎረቤቶቹን ቀድሞ ይባዛል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ እነዚሁ አሸናፊዎች ምግብ አልቆ ረዥም ጊዜ መቆየት ሲያስፈልግ ዋጋ ይከፍላሉ። እርሾ ዕጢ የለውም፤ ይሁን እንጂ ልጓሙን ያጣ ሕዋስ ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚበዛበት አመክንዮ በእርሾ ብልቃጥ ውስጥም በነርቭ ሽፋን ውስጥም በመርህ ደረጃ ይመሳሰላል። ልዩነቱ፣ በብልቃጡ ውስጥ ይህ ስኬት መሆኑ፣ ሕዋሳት ለጋራ አካል በሚገዙበት ሰውነት ውስጥ ግን በሽታ መሆኑ ነው። ምሳሌውን ከዚህ አልፎ መለጠጥ አይገባም። በተለይ «እርሾ ካንሰር ያዘው» የሚሉ አገላለጾችን በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ባይጠቀሙ እመክራለሁ፤ ፈታኞችም በደግ አያዩት።

አሁን ወደ ዝምድናው። አይራ1 በጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1989፣ አይራ2 ደግሞ በ1990 ተገለጹ። በዚያው በ1990 በሚሺጋን የፍራንሲስ ኮሊንስ ቡድንና በዩታ የሬይ ኋይት ቡድን የሰውን ኤንኤፍ1 ለየብቻቸው አገኙት። የፕሮቲኑ ቅደም ተከተል ሲነበብ መካከሉ ላይ ያለው ክፍል ከአይራ ፕሮቲኖችና ቀድሞ ከታወቀው የአጥቢ እንስሳት ጋፕ ጋር እንደሚመሳሰል ወዲያው ታየ። ያን ጊዜ የዚህ ጂን ሥራ ምን እንደሆነ በእጅ ያለ ፍንጭ ቢኖር ይህ መመሳሰል ነበር፤ ሐሳቡን ለመፈተንም እርሾው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። በዚያው ዓመት ከአንድ በላይ ቡድኖች የኤንኤፍ1ን መካከለኛ ክፍል አይራ በጠፋበት እርሾ ውስጥ አስገብተው፣ እርሾው ሙቀት የመቋቋም ችሎታው እንደተመለሰለት አሳዩ። ከመቶ ዓመት በላይ በምልክቶቹ ብቻ ሲታወቅ የኖረ፣ በ1882 በፍሪድሪሽ ፎን ሬክሊንግሃውዘን ከተገለጸ ጀምሮ መነሻው ያልታወቀ ሕመም፣ ጂኑ በተገኘ በወራት ውስጥ የፕሮቲኑ ዋና ሥራ በእርሾ አማካይነት መታወቁ በእኔ ግምት በዘረመል ታሪክ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠው ነው።

ነገር ግን ዝምድናው እኩል የተዘረጋ አይደለም፤ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይሰበራል።

አንደኛው ስብራት በፕሮቲኑ ርዝመት ላይ ነው። ጠንካራው መመሳሰል ያለው ጋፕ ክፍል ተብሎ በሚጠራው፣ ከአሚኖ አሲድ 1,200 ገደማ እስከ 1,530 ገደማ ባለው መካከለኛ ቁራጭ ውስጥ ነው፤ ይህም ከጠቅላላው ፕሮቲን ከሰባት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ከዚህ ውጭ የተወሰነ ደካማ መመሳሰል ቢኖርም፣ አንዱን በሌላው ተክቶ ለመፈተን የሚያስችል አይደለም።

ሁለተኛው ስብራት በአቅጣጫ ላይ ነው። የሰው ኤንኤፍ1 ጋፕ ክፍል የሰውንም የእርሾንም «ራስ» ያጠፋል፤ የእርሾው አይራ2 ግን የእርሾውን እንጂ የአጥቢ እንስሳትን «ራስ» እንደማያጠፋ በንጹሕ ፕሮቲኖች በተደረገ ሙከራ ታይቷል። ስለዚህ «ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥራ ይሠራሉ» የሚለው የተለመደ አባባል በአንድ በኩል ብቻ እውነት ነው።

ሦስተኛውና ለእርስዎ ጥያቄ ትልቁ ስብራት ከ«ራስ» ወዲያ ባለው መስመር ላይ ነው። በሰው ሕዋስ ውስጥ የበራው «ራስ» በዋናነት ራፍ፣ ሜክና ኧርክ የተባሉትን ካይኔዞች (መልእክት አስተላላፊ ኤንዛይሞች) በተከታታይ ያነቃል፤ በዳቦ እርሾ ውስጥ ግን ዋናው መስመር፣ ከላይ እንደተገለጸው፣ ወደ አዴኒሌት ሳይክሌዝ ይሄዳል። በሁለት የእርሾ ዝርያዎች መካከል እንኳ ልዩነት አለ፤ ሺዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ በሚባለው ውስጥ «ራስ» የሚመራው አዴኒሌት ሳይክሌዝን ሳይሆን የሕዋሱን መጋባትና ቅርጽ ነው። የማጥፊያው አሠራር ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከነበረ የጋራ ቅድመ አያት ተጠብቆ ሲወረስ፣ የሚጠፋው ነገር ከምን ጋር እንደሚገናኝ ግን በየዘሩ ተለዋውጧል። በ2020 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የተፈቀደው፣ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የማይችል ፕሌክሲፎርም የተባለ ኒውሮፋይብሮማ ላለባቸው ልጆች የሚሰጠው ሴሉሜቲኒብ የሚያግደው ሜክን ነው፤ ማለትም የእርሾው የአይራ መስመር በማያልፍበት መንገድ ላይ ያለ ፕሮቲንን። አይራ የጠፋበትን እርሾ ይዞ ይህንን መድኃኒት መፈለግ አይቻልም ነበር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ማስረጃ አለ። አይራ የጠፋበትን እርሾ ከጉድለቱ የሚያድነው ኤንኤፍ1 ብቻ አይደለም፤ ራሳ1 የተባለው ጂን የሚያስገኘው ሌላው የአጥቢ እንስሳት ጋፕም ያድነዋል። ራሳ1 በሰው ላይ ሲበላሽ ግን የሚመጣው ኒውሮፋይብሮማ ሳይሆን የደም ሥሮች አፈጣጠር ጉድለት ነው። እርሾው ሁለቱን ጂኖች መለየት ካልቻለ፣ የሚነግረን «ይህ ፕሮቲን ‹ራስ›ን ያጠፋል» የሚለውን ብቻ ነው ማለት ነው። ኤንኤፍ1 ለምን በነርቭ ሽፋን ላይ፣ ራሳ1 ለምን በደም ሥር ላይ ችግር እንደሚያመጣ የሚወሰነው፣ እርሾ በሌሉት ሕዋሳትና ረዳት ፕሮቲኖች ነው። ስፕሬድ1 የተባለው ፕሮቲን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ኒውሮፋይብሮሚንን ይዞ «ራስ» ወዳለበት ሽፋን ያደርሰዋል። በ2007 እንደታወቀው የስፕሬድ1 መበላሸት የኤንኤፍ1ን የሚመስሉ ነጠብጣቦችና ጠቃጠቆዎች ያስከትላል፣ ኒውሮፋይብሮማ ግን አያስከትልም፤ ሕመሙም ሌጂየስ ሲንድሮም ይባላል። እርሾ ስፕሬድ1 የለውም፤ የአይራ ፕሮቲኖች የራሳቸው የሆኑ፣ ጂፒቢ1 እና ጂፒቢ2 የሚባሉ ሌሎች ደጋፊዎች አሏቸው።

«ዘመድ» የሚለው ነገር በየጂኑ የተለያየ ክብደት እንዳለው ለማሳየት ሌሎችን በአጭሩ ላንሣ። የዲኤንኤ ስሕተት አራሚዎቹ ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤልኤች1 ከእርሾ እስከ ሰው ቅርጻቸውም ሥራቸውም እጅግ የተቀራረበ ነው፤ በ1993 በእርሾ የታየው የአራሚዎቹ ጉድለት በውርስ ከሚመጣ የትልቁ አንጀት ካንሰር ዕጢዎች ጋር መመሳሰሉ የሰውን ጂኖች ወደ ማግኘት መርቷል። የሬቲኖብላስቶማው ጂን በአንጻሩ በዳቦ እርሾ ውስጥ በቅደም ተከተል የሚመስለው የለም፤ ሆኖም ዊ5 የተባለ የማይዛመደው ፕሮቲን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በብዙ ካንሰሮች ውስጥ ተበላሽቶ የሚገኘው ዕጢ ገቺ ፒ53 ደግሞ በእርሾ ውስጥ ጭራሽ ዘመድ የለውም። አይራ በእነዚህ መካከል ያለ ነው፤ ቁራጩ እውነተኛ ዘመድ ነው፣ መስመሩ ግን አይደለም።

እንግዲህ ሦስተኛው ጥያቄ። ለውጡን በእርሾ መፈተን ይቻላል ወይ? መልሴ፣ በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው የአሚኖ አሲድ ቁጥር በጋፕ ክፍሉ ውስጥ ከሆነ ይቻላል፤ ከዚያ ውጭ ከሆነ ግን አይሞክሩት የሚል ነው። ከክፍሉ ውጭ ያለ ለውጥ ጎጂ ሊሆን እንደሚችል አያጠራጥርም። አርጂኒን 1809ን የሚነኩ ለውጦች፣ ከጋፕ ክፍሉ ርቀው ሳሉ፣ የቆዳ ነጠብጣብ ያለበትን ነገር ግን የቆዳ ኒውሮፋይብሮማ የማይታይበትን የሕመሙን መልክ ያመጣሉ። እንዲህ ያለውን ለውጥ በተቆረጠ የጋፕ ቁራጭ መፈተን ከመነሻው የማይቻል ነው፤ ለውጡ ቁራጩ ውስጥ የለምና።

በክፍሉ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ውጤቱ በሁለቱ አቅጣጫ እኩል አይመዝንም። ለውጡ ያለበት ቁራጭ በእርሾው ውስጥ በበቂ መጠን መመረቱ በፕሮቲን ምርመራ ተረጋግጦ፣ ነገር ግን እርሾውን ከሙቀት ካላዳነ፣ «ራስ»ን የማጥፋት ኃይሉ እንደተጎዳ የሚያሳይ ጠንካራ ምልክት ነው። ካዳነ ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ለዚህም ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። እርሾ የሚያድገው በ30 ዲግሪ፣ የሰው ሕዋስ የሚኖረው በ37 በመሆኑ፣ በከፍተኛው ሙቀት የሚፈርስ ፕሮቲን በዝቅተኛው ጸንቶ ሊታይ ይችላል። ብዙ ቅጂ በሚሠራ ፕላዝሚድ (ጂን ተሸካሚ ክብ ዲኤንኤ) ላይ ከተጫነም፣ ኃይሉ በግማሽ የተቀነሰ ፕሮቲን በብዛቱ ጉድለቱን ይሸፍናል። ለውጡ ጋፕነቱን ሳይነካ ከስፕሬድ1 ጋር የሚገናኝበትን ገጽ ብቻ ቢያበላሽ፣ ስፕሬድ1 የሌለው እርሾ ምንም አያስተውልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በኤንኤፍ1 ላይ ከሚገኙ ጎጂ ለውጦች ሩብ ያህሉ ጉዳታቸው አርኤንኤው ተቆርጦ በሚቀጣጠልበት ሂደት ላይ ነው። በሪፖርት ላይ «የአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ» ተብሎ የተጻፈውም በተጨባጭ አንድ ሙሉ ኤክሶን የሚያስዘልል ሊሆን ይችላል፤ ወደ እርሾ የሚገባው ግን ኢንትሮን (ከአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል) የሌለው የተዘጋጀ ግልባጭ ስለሆነ፣ ይህ ጉዳት በሙከራው ላይ ጨርሶ አይታይም።

ይህንን ሁሉ አውቀው ሊሠሩት ከወሰኑ፣ የሙከራው ጥራት የሚለካው በማነጻጸሪያዎቹ ነው። ባዶ ፕላዝሚድ፣ ያልተለወጠ የጋፕ ቁራጭና የእርሾው የራሱ አይራ2 የግድ መኖር አለባቸው። ከታወቁ ጎጂዎች አርጂኒን 1276 በፕሮሊን የተተካበትን፣ እንዲሁም በዕጢዎች ውስጥ የተገኘውንና ኃይሉ የቀነሰውን ላይሲን 1423 በግሉታሜት የተተካበትን ያስገቡ፤ የመጀመሪያው ከሞላ ጎደል ሙሉ ጉድለት ምን እንደሚመስል፣ ሁለተኛው ከፊል ጉድለትን ሙከራዎ መያዝ መቻል አለመቻሉን ያሳያሉ። ጉዳት እንደሌላቸው በሚገባ የተረጋገጡ ለውጦችንም ያክሉ፤ ጎጂዎችን ብቻ የሚያውቅ ሙከራ ስለ ጤነኛው ሊናገር አይችልምና። ራስ2 ላይ 19ኛው አሚኖ አሲድ ወደ ቫሊን የተለወጠበትን ዘርም ይጠቀሙ። ይህ «ራስ» በየትኛውም ጋፕ ስለማይጠፋ፣ ቁራጭዎ እሱንም ካዳነ የሚያዩት ነገር ከጋፕ ሥራ ውጭ የመጣ ነው ማለት ነው። ቁራጩን በአንድ ቅጂ ብቻ፣ በመጠነኛ ፕሮሞተር (ጂኑ ምን ያህል እንደሚሠራ በሚወስን የዲኤንኤ ክፍል) ሥር ቢያስገቡት ከላይ ያነሣሁት የመሸፈን ችግር ይቀንሳል። የሙቀቱን ፈተና ደግሞ ሕዋሳቱ ስኳራቸውን ጨርሰው ማደግ ባቆሙበት ደረጃ ላይ ያድርጉት፤ በማደግ ላይ ያለ ጤነኛ እርሾም ሙቀትን በደንብ ስለማይችል፣ በማደግ ላይ ሳሉ ቢፈትኗቸው ልዩነቱ ይጠፋብዎታል። ብልቃጦቹን ሌላ ሰው በስውር ቁጥር ምልክት ቢያደርግልዎ መልካም ነው፤ የእህትዎ ልጅ ውጤት ያለበትን ሣህን ሲቆጥሩ ልብ ከዐይን ይቀድማል።

በዚህ አጋጣሚ የሥነ ምግባሩን ነገር በግልጽ ልናገር። የዘመድ ልጅን የዘረመል ለውጥ የመመረቂያ ጉዳይ ማድረግ የወላጆችን የጽሑፍ ስምምነትና የተቋምዎን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ውጤቱም ለቤተሰቡ የሚነገረው በእርስዎ በኩል ሳይሆን በሐኪሙ በኩል መሆን አለበት። እኔ ብሆን ለመመረቂያው በይፋ የመረጃ ቋቶች ላይ ያሉ፣ ትርጉማቸው ያልተረጋገጠ በርካታ የጋፕ ክፍል ለውጦችን እወስዳለሁ፤ የልጁ ለውጥ ቀድሞ እዚያ ተመዝግቦ ከሆነ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይፈተናል፤ ሥራውም ከአንድ ቤተሰብ ጭንቀት ተላቆ ራሱን ችሎ ይቆማል።

ለልጁ ፈጣን መልስ የሚሰጠው ግን ሌላ መንገድ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱም ወላጆች ለዚያው ለውጥ ይመርመሩ። ልጁ ምልክቶቹ እያሉበት ለውጡ በሁለቱም ወላጆች ላይ ከሌለ፣ እንደ አዲስ የተከሰተ መሆኑ የጎጂነት ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ በአንጻሩ ምንም ምልክት በሌለው አዋቂ ወላጅ ላይ ከተገኘ ጥርጣሬው በእጅጉ ይቀንሳል። የአሜሪካ የሕክምና ጄኔቲክስ ኮሌጅ በ2015 ያወጣው የለውጦች መመዘኛ መመሪያም ለዚህ ዓይነቱ የቤተሰብ ማስረጃ ከፍ ያለ ክብደት ይሰጣል፤ በቤተ ሙከራ የሚገኝ የተግባር ማስረጃም ክብደት የሚኖረው ሙከራው አስቀድሞ በታወቁ ለውጦች ከተፈተነ ነው። ቀጥሎ ከደም በሚወሰድ አርኤንኤ ላይ የሚደረገው ምርመራ እርሾ የማያየውን የመቆራረጥ ጉዳት ያሳያል። «በመረጃ ቋት ውስጥ አልተገኘም» የሚለውን የሪፖርት ሐረግ ደግሞ ከሚገባው በላይ አያክብዱት፤ ቋቶቹ በብዛት የሞሉት በአውሮፓውያን ዘረመል በመሆኑ፣ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደ ምንም ጉዳት የሌለው ለውጥም ብርቅ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

በ2021 በተሻሻለው የመመርመሪያ መስፈርት መሠረት፣ ወላጁ ሕመሙ የሌለበት ልጅ ነጠብጣቦችና ጠቃጠቆዎች ብቻ ከታዩበት ሌጂየስ ሲንድሮምም መታሰብ አለበት፤ ስለዚህ ስፕሬድ1 በምርመራው ውስጥ ተካቶ እንደነበር ይጠይቁ። ነጠብጣቦቹ ስድስትና ከዚያ በላይ መሆናቸውን፣ ለአቅመ አዳም ባልደረሰ ልጅ ላይም እያንዳንዳቸው ከ5 ሚሊ ሜትር መብለጣቸውን ሐኪሙ ይቁጠርና ይመዝግብ። ትርጉሙ ያልተረጋገጠ ለውጥ በመስፈርቱ ውስጥ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም፤ ለውጡ እስኪለይ ድረስም ክትትሉ ሕመሙ እንዳለበት ልጅ ይቀጥላል። ይህም በየዓመቱ የቆዳ፣ የአከርካሪና የደም ግፊት ምርመራ፣ በተለይም ትንሽ ልጅ ከሆነ በዐይን ሐኪም የሚደረግ የእይታ ምርመራ ማለት ነው፤ በዚህ ዕድሜ በዐይን ነርቭ ላይ የሚወጣው ዕጢ ልጁ ሳይናገር እይታውን ሊቀንስ ይችላልና።